አሮጌ ማሲንቆ ከማደሳችሁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ? በሙያዬ አናጺ ነኝ፤ የቤት ዕቃ እሠራለሁ። ጋዜጣችሁን አነባለሁ እንጂ እስከ ዛሬ ጽፌላችሁ አላውቅም። አሁን ግን አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ብዙ ስለቆየ ተነሣሁ። ጉዳዩ የአሮጌ ማሲንቆ ነገር ነው።

የአክስቴ ባል አዝማሪ ነበሩ። ነፍስ ይማር፣ እሳቸው ሲያርፉ ለአክስቴ አንዲት ጠቆር ያለች ማሲንቆ ቀረቻት። ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ስንት ዓመት ኖረች። ከሁለት ዓመት በፊት ልጆቿ እማማን ደስ ይበላት ብለው በድብቅ አወረዱና ለአንድ ሱቅ ሰጥተው አሳደሷት። የሱቁን ስም አልጠራም። ሰዎቹም የታዘዙትን ነው የሠሩት፣ ክፉ አላሰቡም። ተመልሳ ስትመጣ ነጭ አዲስ ቆዳ ለብሳለች፣ ሳጥኗ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቫርኒሽ ተቀብቷል፣ በጭራው ፈንታ ናይለን ተወጥሯል፣ ዘንጓ ላይ ሪባን ታስሯል። ታበራለች። አክስቴ ተቀበለቻት፣ አገላበጠቻትና «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አለች። እኔ ሱቁ ድረስ ሄጄ አሮጌው ቆዳ የት ደረሰ ብዬ ጠየቅሁ። «ያንን ቡትቶ? ጣልነው እኮ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ነገሩን በደንብ ማሰብ የጀመርኩት። የጣሊያኑ ቫዮሊን ሠሪ ስትራዲቫሪ ስሙን፣ ከተማውንና ዓመቱን በወረቀት አትሞ ሳጥኑ ውስጥ ይለጥፍ ነበር። የኛ ማሲንቆ ሠሪ ስሙን አልጻፈም። ቆዳ የቀየረው አዝማሪም «ዛሬ ቀየርኩ» ብሎ ደብተር ላይ አላሰፈረም። አዝማሪውም ሠሪውም በዘመኑ የሚናቁ ሰዎች ነበሩ፤ ማን ይጻፍላቸው? እንግዲህ ማን እንደሠራት፣ በምን እንደሠራት፣ ስንቴ እንደተሰበረችና ስንቴ እንደዳነች የሚናገር ካለ ራሷ ማሲንቆዋ ብቻ ናት። እንጨቷ፣ ቀዳዳዋ፣ ሚስማሯ፣ እድፏ ሳይቀር። ያንን ፍቀን ቫርኒሽ ስንቀባ ያለውን አንድ ምስክር አፉን ዘጋነው ማለት ነው።

ይሄን የምለው ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ የጎጃም ሽማግሌ፣ የደንበኛዬ አባት፣ የተጎሳቆለ ማሲንቆ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይሄን ጠግንልኝ» አሉኝ። «አባቴ፣ እጠግነዋለሁ፣ ግን መጀመሪያ ሦስት ሳምንት ይስጡኝና ልየው» አልኳቸው። ግር አላቸው። ግን ሰጡኝ። ማሲንቆ የሚገዘግዝ አንድ ጓደኛዬን ጠራሁና ሦስት እሑድ ሙሉ ቁጭ ብለን አየነው።

የመጀመሪያው እሑድ ማስመሪያ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ይዘን ለካን፣ ሣልን፣ ፎቶ አነሣን። ማሲንቆን ሁሉም ያውቀዋል፤ በጥጉ የቆመ አራት ማዕዘን ሳጥን፣ ፊትና ጀርባው ቆዳ፣ ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ የሚያልፍ ዘንግ፣ አናቱ ላይ መቃኛ፣ ቆዳው ላይ የቆመች ትንሽ ብርኩማ፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር። በቃ ይሄው ነው። ቀላል ይመስላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ሳጥኑ ከአራት የዋንዛ ጣውላ የተጋጠመ ነው። ዋንዛ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስልገው የኖርኩት እንጨት ነው። ዘንጉ ግን ወይራ ነው፤ ጠጣርና ከባድ። ይሄ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል፣ ሠሪው ሆን ብሎ ለዘንጉ ጠንካራ እንጨት መርጦ ይሆናል። ግን ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ ከዘንጉ በጣም ይሰፋል፤ ዙሪያው በጨርቅ ቁራጭና በሰም ተደፍኗል። አንድ ሰው ሁለቱንም አብሮ ቢሠራ ቀዳዳውን በዘንጉ ልክ ይበሳዋል እንጂ አስፍቶ በጨርቅ አይደፍንም። ስለዚህ ይሄ ሳጥን ድሮ ወፈር ያለ ሌላ ዘንግ ነበረው። ያኛው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ይሄኛው ሁለተኛው ነው፣ ምናልባትም ሦስተኛው።

ቀጥሎ ወደ አናቱ ሄድን፤ እኔን በጣም የገረመኝ እሱ ነው። የዘንጉ ጫፍ ላይ ግማሽ ክብ የሆነ ጉድጓድ አለ፣ ጠርዙ ጥቁር። ያ የድሮው መቃኛ ቀዳዳ ግማሽ ነው! ጥቁር የሆነው በጋለ ብረት ስለተበሳ ነው። ከእሱ ስድስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ አሁን መቃኛው የገባበት ሌላ ቀዳዳ አለ። ይሄኛው ግን በመሰርሰሪያ የተበሳ ነው፣ ውስጡ ንጹሕና ክብ፣ አንድም የቃጠሎ ምልክት የለውም። ሁለት ቀዳዳ፣ ሁለት መሣሪያ፣ ሁለት ሰው። ጓደኛዬ «ምናልባት ለቀጭን ድምፅ እንዲመች አሳጥሮት ይሆን?» አለ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ማሲንቆ የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነውና ሰው ለራሱ እንዲመቸው ሊያሳጥረው ይችላል። እኔ ግን ጫፉን በአጉሊ መነጽር አየሁት። መጋዝ የቆረጠው እንጨት ጠፍጣፋ ነው፣ የጥርሱ መስመር ይታያል። ይሄ ግን ቃጫው ተቀድዶ ወጥቷል፣ ከዚያ በቢላዋ ለስለስ ተደርጓል። ተሰብሮ ነው። መቃኛው ያለበት ቦታ ደካማ ነው፣ ወድቆ ወይ ተረግጦ እዚያ ላይ ተሰበረ፣ ባለቤቱም አልጣለውም፤ ዝቅ ብሎ በሳና ማዜሙን ቀጠለ።

አሁን ይሄ ዘንግ አጭር ስለሆነ ብቻ «የዚያ አገር ማሲንቆ አጭር ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢመጣስ? ይሳሳታል። ቀዳዳውን ደፍኜ፣ ጫፉን በሚያምር ቅርጽ ጨርሼ ብመልሰው ኖሮ ደግሞ ስህተቱን ማንም አያገኘውም ነበር።

ዘንጉ ላይ ያለው ወዝም ይናገራል። ማሲንቆ ላይ ግራ እጅ ጭራውን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፣ ጣት በጎን ነው የሚነካው። ግን መዳፍና አውራ ጣት ዘንጉ ላይ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። በብዙ ዓመት እንጨቱ እዚያ ቦታ ላይ ጠቁሮ እንደ መስታወት ይሆናል። በዚህ ማሲንቆ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ሁለት ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አሁን መቃኛው ካለበት አካባቢ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ፣ ያን ያህል ያልጠቆረ። የላይኛው ዘንጉ ሳይሰበር የኖረበት ዘመን ነው፣ የታችኛው ከተሰበረ በኋላ። የላይኛው ይበልጥ ስለለሰለሰ ከመሰበሩ በፊት ረጅም ዕድሜ ሠርቷል ማለት ነው። ይሄን ያወቅነው በእድፍ ነው። ሱቅ ብንወስደው መጀመሪያ የሚፈቀው እሱ ነበር።

ሁለተኛው እሑድ የሳጥኑን ውስጥ አየን። የጀርባው ቆዳ ጥጉ ላይ ተቀድዶ ስለነበር በስልክ የምትሠራ ቀጭን ካሜራ፣ ቧንቧ ሠሪዎች የሚጠቀሙባትን፣ በቀዳዳው አስገባን። ጣውላው ከውጭ ለስላሳ ነው፣ ከውስጥ ግን በመጥረቢያ የተጠረበ ነው፣ ምቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በመጋዝ የተሰነጠቀ አይደለም። ይሄ ብቻውን ዕድሜውን አይነግረንም፤ መጋዝ የሌለበት ቦታ ዛሬም በመጥረቢያ ይጠረባል። የሚነግረን የሠሪውን እጅ ነው። ቀኝ እጁ መሆኑን ሳይቀር ከምቱ አቅጣጫ የምናውቅ መሰለን፣ እሱን ግን በጥያቄ ምልክት ነው የጻፍኩት።

የፊቱ ቆዳ በፋብሪካ ሚስማር ዙሪያውን ተመትቷል። ሚስማሮቹ መሐል ግን ብዙ ባዶ ቀዳዳ አለ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ የጠፍር መስመር ታትሞ ቀርቷል። ማለትም ድሮ የፊቱና የጀርባው ቆዳ በጠፍር ተጠላልፎ የተሰፋ ነበር፣ ሚስማሩ በኋላ የመጣ ነው። ከአንዱ ሚስማር ሥር ጥፍር የምታህል የድሮ ቆዳ ቁራጭ አገኘን። ብራና ለሚፍቁ አንድ መምህር አሳየናት። ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው የጠጉሩን ቀዳዳ አየት አደረጉና «የፍየል ናት» አሉ። የአሁኑ ቆዳ ግን የጥጃ ነው። የዚያች ጥፍር የምታህል ቁራጭ ዋጋ ስንት ነው? የድሮው ድምፅ ወደየት ያደላ እንደነበር የምትጠቁም ያለችን እሷ ብቻ ናት። ቀጭን የፍየል ቆዳና ወፈር ያለ የጥጃ ቆዳ አንድ ዓይነት ድምፅ አይሰጡም፣ የሚገዘግዝ ሰው ጠይቁ።

ብርኩማዋ ላይ ሁለት ጭረት አለ። አንዱ ሰፊና ለስላሳ፣ ሌላው እንደ ምላጭ ቀጭን ሆኖ ሰፊው መሐል የተቀረጸ። ሰፊው የፈረስ ጭራ ነው፤ ጭራ ብዙ ፀጉር ስለሆነ ተኝቶ ነው የሚያርፈው። ቀጭኑ ናይለን ነው። አሁንም ያለው ናይለን ነው። ከታች ጥግ ላይ ደግሞ እርሳስ የምታስገባ ክብ ቀዳዳ አለች፣ ውስጧ የሽቦ ቁራጭና የብየዳ ጠብታ። ድምፁን ወደ ስፒከር ለማስገባት የተበሳች ናት። ጓደኛዬ እሷን እንድደፍናት ፈለገ፣ «ይሄ የባህል ዕቃ ላይ ምን ይሠራል?» ብሎ። እምቢ አልኩ። የከተማ አዝማሪ ቤት የገባበት ዘመንም የዚህ ማሲንቆ ዕድሜ ነው። የምንወደውን ዘመን ብቻ ትተን የማንወደውን ከፋቅን ጥናት አልሆነም።

ሦስተኛው እሑድ ሽማግሌው መጡ። ያየነውን ነገርናቸው። የሽቦውን ነገር ወዲያው አወቁ፤ ልጃቸው ባሕር ዳር ማታ ማታ ሲጫወትበት ነው የበሳው። የጥጃውን ቆዳም እሳቸው ናቸው ያለበሱት። የአናቱን ስብራት ስናሳያቸው ግን ዝም አሉ። ጣታቸውን በግማሿ ቀዳዳ ላይ አድርገው «እኔ ከአባቴ ስቀበለው እንዲሁ ነበር» አሉ። አብረውት ሃምሳ ዓመት ኖረው ያላዩትን ነገር ነው ያዩት።

ይሄ ሥራ በሌላ አገር ትልቅ ሙያ ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ሳውዝ ዳኮታ፣ ቨርሚሊየን በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው ብሔራዊ የሙዚቃ ሙዚየም «ንጉሡ» የሚሉት አንድ ቼሎ፣ ማለትም ትልቅ የቫዮሊን ዓይነት መሣሪያ፣ አለው። የጣሊያኑ አንድሪያ አማቲ በክሬሞና ከተማ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሠራው ነው። በኋላ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሻርል 9ኛ ቤተ መንግሥት በቀለምና በወርቅ ተሳለበት። ያኔ ትልቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1801 አካባቢ ፓሪስ ላይ ቆርጠው አሳነሱት። ይሄ በምን ታወቀ? ከሚታወቅበት አንዱ ሥዕሉ ነው። የተሳሉት ምስሎች መሐላቸው ጎድሎ፣ ግራና ቀኙ አልገጥም ብሎ ይታያል። አጥኚዎች ከጎደለው ሥዕል ተነሥተው የጎደለውን እንጨት ይለካሉ፣ ሳይከፍቱትም በሆስፒታል ራጅ ዓይነት መሣሪያ ውስጡን ያያሉ። ያኔ አንድ ሰው ሥዕሉ ተበላሸ ብሎ ፍቆ አዲስ ቢቀባው ኖሮ ዛሬ ምን ይለካ ነበር?

የስትራዲቫሪ ቫዮሊኖችም እንደዚሁ ናቸው። ሰው «የሦስት መቶ ዓመት ዕቃ» ይላቸዋል እንጂ ከጥቂቶቹ በስተቀር አንገታቸው ተቀይሯል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው፣ አዳራሹ እየሰፋ ሲሄድ ከፍ ያለ ድምፅ ተፈለገ፣ አንገቱ ረዘመ፣ ወደ ኋላ ዘመም አለ፣ ከሆዱ ሥር ያለው ድጋፍ እንጨትም በወፍራም ተተካ። የአናቱን ጥምዝ ግን አልጣሉትም፣ ቆርጠው አዲሱ አንገት ላይ ቀጠሉት። በዚያው ዘመን ኮዚዮ ዲ ሳላቡዌ የሚባል የጣሊያን መኳንንት ነበር። የስትራዲቫሪን ሞዴሎችና መሣሪያዎች ከልጁ ከፓኦሎ ገዛ፤ እጁ የገባውን ቫዮሊን ሁሉ እየለካ ደብተር ላይ ጻፈ። ዛሬ ዓለም ስለ ክሬሞና ቫዮሊን ከሚያውቀው ብዙው የመጣው ከእሱ ደብተርና ከእነዚያ ሞዴሎች ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ደብተር። እኛም እኮ ደብተር አናጣም።

እንዳትሳሳቱብኝ፣ ለእንጀራው የሚገዘግዝ አዝማሪ ቆዳው ሲቀደድ ይቀይር፣ ጭራው ሲሳሳ ይቀይር። ማሲንቆ የሚኖረው እየተቀየረ ነው፤ እስካሁን የነገርኳችሁም ይሄንኑ ነው። እኔ የምለምነው ግድግዳ ላይ ስለተሰቀሉት፣ ከአያት ስለቀሩት፣ ቆጥ ላይ ስለተረሱት ነው። ሱቅ ከመውሰዳችሁ በፊት ፊቱን፣ ጀርባውን፣ አናቱንና ጎኑን በቀን ብርሃን ፎቶ አንሡ። በሴንቲ ሜትር ለኩ። የማን እንደነበር፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን ቆዳ እንደቀየረ የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ጠይቁት። ሱቅ ከወሰዳችሁትም የወጣውን ነገር ሁሉ፣ ቆዳውን፣ ጭራውን፣ ሚስማሩን፣ በላስቲክ አድርገው እንዲመልሱላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ሙያተኞችንም እለምናለሁ፤ አሮጌ ማሲንቆ ላይ ነጩን የአናጺ ኮላ አታፍስሱ። ከቆዳ የሚቀቀለው የድሮ ሙጫ በሙቅ ውኃ ይለቃል፣ የነገው ሰው እንጨቱን ሳይሰብር ሊከፍተው ይችላል። ነጩ ኮላ ግን ከያዘ ያዘ ነው። ቫርኒሽም ይቅር። በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ማንሣት ይበቃል። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖችም፣ በተለይ ክረምቱ በከረረበት አገር፣ ማሲንቆውን ከማሞቂያው በላይ አትስቀሉት። አየሩ ሲደርቅ ቆዳው ይወጠራል፣ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ከዚያ ጥጉ ይላቀቃል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ከመጠገኑ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል። ጥሩ ነው። ግን የአክስቴ ዓይነት ማሲንቆ መዝገብ ላይ የለም፣ ፈቃድ የሚጠይቅለትም የለም፤ የሚደርስለት ቤተሰቡ ብቻ ነው። ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ስገባ የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ፊት ብዙ እቆማለሁ። ከእያንዳንዱ አጠገብ «ይሄ ዘንግ ተቀይሯል፣ ይሄ ቆዳ ሁለተኛ ነው» የሚል አንድ መስመር ባነብ ደስታዬ ነበር። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆ የምትማሩ ልጆችም፣ ለእረፍት አገር ቤት ስትሄዱ እያንዳንዳችሁ አንድ አሮጌ ማሲንቆ ለክታችሁ፣ ስላችሁ ብትመለሱ በአምስት ዓመት ውስጥ ማንም የሌለው መዝገብ ይኖረናል። ጎጃምና ጎንደርን፣ ወሎና ሸዋን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይቻል ነበር። አናጺ ካስፈለጋችሁ ስለ እንጨቱ በነጻ አግዛለሁ፣ ከልቤ ነው።

የሽማግሌውን ማሲንቆ ጠገንኩላቸው። የላላውን ጥግ በቆዳ ሙጫ አጣበቅሁ፣ የተቀደደውን የጀርባ ቆዳ ከውስጥ ደገፍኩ፣ ናይለኑን አንሥተን የፈረስ ጭራ ወጠርን፤ ናይለኑ በፖስታ ውስጥ አለ። ግማሿን ቀዳዳ አልነካሁም። ያቺ የፍየል ቆዳ ቁራጭም ስሟ ተጽፎባት አብራ ተመልሳለች።

የአክስቴን ግን ምን ላድርግ? የቀረን የሠርጓ ፎቶ ነው። ባሏ ማሲንቆዋን ታቅፈው ቆመዋል። ከእጃቸው ስፋት ተነሥቼ የሳጥኑን መጠን ለመገመት ሞከርኩ። ቆዳው ላይ ከብርኩማው በስተግራ ጠቆር ያለች ነገር አለች፣ እድፍ መስላኝ ነበር። አክስቴን ጠየቅኋት። መነጽሯን አደረገችና ብዙ ቆየች። እድፍ አይደለም አለችኝ። ልትታጭለት ሰሞን፣ እሳቸው ደጃፋቸው ተቀምጠው ሲጫወቱ ቆዳው ተቀደደባቸውና እሷ ናት በገዛ መርፌዋ የጣፈችው።

አክባሪያችሁ፣
ከአዲስ አበባ